መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር

መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ሻጩ ቁጥር ይጠራል። ገዢው ቁጥሩን ይዞ ማታ ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያሰላል፤ በወር ይህን ያህል ሊትር፣ በዓመት ይህን ያህል ብር። ቁጥሩ እውነት ሆኖ ከተገኘ መኪናዋ እንደ ቤተሰብ ትቆጠራለች። ካልሆነ ግን ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ቂም አብሮ ይቀዳል።

ዛሬ የማወራችሁ የዚህችን ቁጥር ታሪክ ነው። ቦታው ጃፓንና አሜሪካ፣ ባለታሪኮቹ ትንንሽ ሃይብሪድ መኪኖችና ባለቤቶቻቸው ናቸው። በተለይ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት እህትማማቾች ታሪክ ነው፤ ሆንዳ ኢንሳይትና ሆንዳ ሲቪክ ሃይብሪድ። አንዷ ምቾት ነፍጋ ፍቅር አተረፈች። ሌላዋ ምቾት ሰጥታ ፍርድ ቤት አስቆመች። ለምን? መልሱ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ መኪና ለሚገዛ ሰውም ይጠቅማልና እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ዝለቁ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይብሪድ ምን ታደርጋለች?

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ተራ መኪና ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሩጫ ጉልበቷን ወደ ሙቀት ቀይራ አየር ላይ ትበትነዋለች። ሃይብሪድ ግን ከዚያ ጉልበት የተወሰነውን በኤሌክትሪክ ሞተሯ በኩል መልሳ ባትሪ ውስጥ ታስቀምጣለች። ስትነሣ ወይም ዳገት ስትወጣ ያስቀመጠችውን አውጥታ የቤንዚኑን ሞተር ታግዛለች። መብራት ላይ ስትቆም የቤንዚኑ ሞተር ይጠፋል። የምናወራላቸው ሃይብሪዶች ሶኬት ላይ አይሰኩም። ጉልበታቸው ሁሉ መነሻው ቤንዚን ነው። ቁጠባው የሚገኘው የሚባክነውን በመልቀም ነው።

ቶዮታ ፕሪየስን በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። አሜሪካ ላይ ግን ፕሪየስን በወራት የቀደመችው በ1999 መጨረሻ የገባችው የሆንዳ ኢንሳይት ናት።

ምንም ያልደበቀችው ኢንሳይት

የመጀመሪያዋ ኢንሳይት የምትገርም ፍጡር ነበረች። ሁለት ወንበር ብቻ። አካሏ አሉሚኒየም። የኋላ ጎማዎቿ ነፋስ እንዳይዛቸው በክዳን የተሸፈኑ። ሞተሯ ባለ 3 ሲሊንደርና 1 ሊትር። ባለ ማንዋል ካምቢዮዋ ክብደቷ 840 ኪሎ ገደማ ነበር። ሁለት ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ተደምረው ከ165 ኪሎ ብዙም እንዳይበልጡ ትጠይቅ ነበር፤ ሁለት ወፈር ያሉ ወንድማማቾች ከገቡባት ለሻንጣ የሚተርፍ የለም ማለት ነው።

መስኮቷ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ግን አፍ ያስይዝ ነበር። በከተማ 61፣ ከከተማ ውጭ 70 ማይል በጋሎን። ወደ እኛ መለኪያ ሲመጣ በሊትር 26 እና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ገበያው ብዙም አልፈለጋትም። እስከ 2006 በመላው ዓለም የተሸጠችው 17,000 ገደማ ብቻ ነበር። የገዟት ግን ከልባቸው ወደዷት። የገዛት ሰው ምን እየገዛ እንደሆነ ያውቅ ነበርና። የኋላ ወንበር እንደሌላት በዓይኑ አይቷል። ለነዳጅ ቁጠባ ሲል ምን እንደሚያጣ ሻጩ ሊደብቀው አይችልም፤ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። ባለቤቶቿም እንዴት ቢነዷት ከቁጥሩ በላይ እንደምትሄድ እርስ በርስ ይማማሩ ጀመር። ባትሪዋ ሲደክም ደግሞ ቀላል ስለሆነች በቤንዚኑ ብቻ መሄድ ትችል ነበር፤ ከነደከመ ባትሪዋ ለዓመታት የነዷት አሉ።

ሲቪክ ሃይብሪድ፦ ሁሉንም እሰጣለሁ ያለችው

ሆንዳ ከኢንሳይት አንድ ነገር ተማረ። ሕዝብ ነዳጅ መቆጠብ ይፈልጋል፣ ወንበር መቀነስ ግን አይፈልግም። ስለዚህ ቴክኖሎጂውን ሰዎች በሚያውቋት ሲቪክ ላይ ጫነው። በ2002 አሜሪካ ገባች፣ ለ2006 ደግሞ አዲስ ሞዴል ወጣላት። አራት በር፣ አምስት ሰው፣ አውቶማቲክ፣ ኤሲ። ከተራዋ ሲቪክ በጥቂት ሺህ ዶላር ትበልጣለች፣ ግን መስኮቷ ላይ በከተማ 49፣ ከከተማ ውጭ 51 ይላል። በአማካይ 50 ማይል በጋሎን፣ በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ኢንሳይት «ይህን ካጣህ ይህን ታገኛለህ» ስትል ሲቪክ ሃይብሪድ «ምንም ሳታጣ ታገኛለህ» አለች። ገዢው ተጨማሪ ሺህ ዶላሮችን የከፈለው ለዚያች ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሯ ከወደቀች የከፈለበት ነገር የለም።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ቁጥሩ መንገድ ላይ ተነድቶ የተገኘ ይመስለዋል። አይደለም። መኪናዋ ቤት ውስጥ፣ በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ላይ ቆማ ጎማዋ ይዞራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባወጣው የቀድሞ የሙከራ ሥርዓት ኤሲ አይበራም፣ የአየሩ ሙቀት የተመጠነ ነው፣ የአውራ ጎዳናው ሙከራ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 77 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛውም 97 ገደማ ነበር። ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ በነሐሴ ሙቀት 120 የሚነዳ ሰው ይህን ሙከራ አያውቀውም።

ይህ ሥርዓት ሃይብሪዶችን በተለይ አሞካሸ። ለስለስ ያለ አነዳድ የኤሌክትሪኩ እገዛ የሚጎላበት ነውና። ቅሬታው ሲበዛ ኤጀንሲው ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ፈጣን አነዳድን፣ ኤሲንና ብርድን የሚጨምር አዲስ ስሌት አስገባ፤ የቀደሙትንም መኪኖች በአዲሱ ሚዛን መዘናቸው። የሲቪክ ሃይብሪድ አማካይ ከ50 ወደ 42 ወረደ። ያቺ የምትወደድ ኢንሳይትም ወደ 53 ወረደች፤ ያም ሆኖ ሶኬት ላይ ከማይሰኩ መኪኖች ሁሉ የበላይነቷን የ2016ቱ ፕሪየስ ኢኮ እስኪመጣ ድረስ አላስነጠቀችም።

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው «ችግሩ የተጋነነ ቁጥር ነው» ብሎ ይደመድማል። እኔ ግን አልስማማም። ማስረጃዬ ፕሪየስ ናት።

ፕሪየስም ወርዳለች፣ ግን…

ከ2004 ጀምሮ የተሸጠችው ፕሪየስ መስኮቷ ላይ በአማካይ 55 ተጽፎባት ነበር። በአዲሱ ሚዛን 46 ሆነች። በመቶኛ ብታሰሉት ከሲቪክ ሃይብሪድ ጋር እኩል ነው የወረደችው፤ ሁለቱም 16 በመቶ ገደማ። የፕሪየስ ባለቤቶች ግን ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት «ይህችኑ መኪና መልሰህ ትገዛለህ?» ብሎ በሚያደርገው ጥናት ላይ ለዓመታት ከላይኛው ረድፍ አልጠፉም። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

መጽሔቱ በ2011 አንድ ነገር ሞከረ። ከ200,000 ማይል፣ ማለትም ከ320,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተነዳች የ2002 ፕሪየስ አግኝቶ እንደ አዲስ ፈተናት። ከአሥር ዓመት በፊት አዲሷን ሲፈትን ያገኘው 40.6 ማይል በጋሎን ነበር። አሮጊቷ 40.4 ሄደች። ባትሪዋ የመጀመሪያው ነው።

የሰው ልብ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ከተነገረው ያነሰ ቢያገኝም ያገኘው ነገር ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ያው ነው። ቋሚ ልዩነትን ሰው ይለምደዋል፣ በጀቱን በዚያው ያስተካክላል። የማይለምደው ከገዛ በኋላ የምትለወጥ መኪናን ነው።

የ2010ሩ ደብዳቤ

የሲቪክ ሃይብሪድ ባትሪ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ የማይሞላ ትንሽ ባትሪ ነበር። ሙቀትና የከተማ ትርምስ ሲበዛበት አንዳንዱ ያለ ዕድሜው ይደክም ጀመር። ምልክቱን ባለቤቶች ይነግሯችኋል፤ ዳገት መሐል የባትሪው መለኪያ በድንገት ይወርዳል፣ እገዛው ይቆማል፣ የቤንዚኑ ሞተር መኪናዋንም እየገፋ ባትሪውንም እየሞላ ያቃስታል።

በ2010 ሆንዳ ለ2006–2008 ሞዴል ባለቤቶች ደብዳቤ ላከ። ኑና ሶፍትዌሩን አስቀይሩ፣ የባትሪው ዕድሜ ይራዘማል የሚል ነው። አስቀየሩ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች መኪናዋ ጉልበት እንዳጣች፣ ነዳጅም እንደጨመረች ተናገሩ። ምሥጢሩ ረቂቅ አይደለም። ባትሪ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ከፈለግህ ብዙ አታሠራውም፤ ባትሪው ያልሠራውን ሥራ ደግሞ ቤንዚን ይሠራዋል።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱት። ባትሪው ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል ዋስትና አለው፤ እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ግዛቶች እስከ 10 ዓመትና 150,000 ማይል። በዋስትናው ዘመን ባትሪ ሲሞት የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ቤንዚን ሲጨምር የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። የኩባንያው ሐሳብ ቅን ቢሆን እንኳ በአንድ የኮምፒውተር ትእዛዝ ወጪው ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ተሻገረ። መኪናዋ በመልክ ያችው ናት፣ የተገዛችው ግን ያች አይደለችም።

ፍርድ ቤት

በ2012 መጀመሪያ አንዲት ቀድሞ ጠበቃ የነበረች የሎስ አንጀለስ ነዋሪ ሆንዳን ከሳ ብቻዋን ችሎት ቆመች። የመረጠችው ፍርድ ቤት ጥቃቅን የገንዘብ ክርክሮችን የሚያይና ጠበቃ ቆሞ የማይከራከርበት ነው፤ ግዙፉ ኩባንያ የሕግ ሠራዊቱን ይዞ መግባት አይችልም። የ2006 ሲቪክ ሃይብሪዷ ከሶፍትዌሩ በኋላ ከ30 ማይል በታች ትሄዳለች አለች። በሊትር ከ13 ያነሰ ማለት ነው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከተጻፈው ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት ከ600 ሊትር ይበልጣል። እንደ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷ መስኮቱ ላይ ተጽፏል፣ ጎተራ ግን አልገባም።

በየካቲት 1 ቀን 2012 ፍርድ ቤቱ 9,867 ዶላር ፈረደላት። ደስታው አልቆየም። በግንቦት የበላይ ፍርድ ቤት ሻረው። የነዳጅ ፍጆታ ማስታወቂያን የሚገዛው የፌዴራል ደንብ ነው የሚለው የኩባንያው ክርክር ረታ። በእርግጥም ኩባንያው ያንን ቁጥር የለጠፈው ሕግ ለጥፍ ስላለው ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

በመካከሉ ወደ 200,000 የሚጠጉ ባለቤቶችን የሚመለከት የቡድን ክስ በስምምነት አለቀ። ለእያንዳንዱ ከ100 እስከ 200 ዶላር፣ አዲስ ሆንዳ ለሚገዛ ደግሞ የዋጋ ቅናሽ። ጠበቆቹ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰዱ። በሆንዳ የተከፋን ሰው ሌላ ሆንዳ በመግዛት ተካስ ማለት ምን ዓይነት ካሣ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ሆንዳ የኢንሳይትን ስም በ2009 አራት በር ባላት አዲስ ርካሽ መኪና ላይ መልሶ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጃፓን ውስጥ የወሩን ሽያጭ በአንደኝነት የመራች የመጀመሪያዋ ሃይብሪድ ሆነች። ግን በማግሥቱ አዲሷ ፕሪየስ ዋጋዋን ዝቅ አድርጋ መጣች፤ የዚያች ኢንሳይት ዘመንም በ2014 አበቃ። ስሙ ተመለሰ፣ የድሮው ፍቅር ግን አብሮ አልተመለሰም።

ወደ እኛ በር

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል ካለ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን የተናገረውን መንግሥት ያስታውስ። ያቺ ጥያቄ አሁን መልኳን ቀይራለች፦ «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» ሻጩም ቁጥር ይጠራል። ከቻይና በሚመጡት ላይ ያ ቁጥር በአብዛኛው የቻይናው ሙከራ ውጤት ነው፤ የሙከራው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአዲስ አበባ ትራፊክ ምናልባት ይስማማ ይሆናል። በአዳማው የፍጥነት መንገድ 110 ለሚነዳ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ቁጥሩ መጋነኑ ብቻውን አያሳስበኝም፤ የፕሪየስ ባለቤቶች ያንን ችለው ኖረዋል። የሚያሳስበኝ ከግዢው በኋላ ያለው ነው። እነዚህ መኪኖች ሶፍትዌራቸው ከሩቅ ይቀየራል። ደብዳቤ መላክ፣ ኑ ማለት የለም፤ ማታ ተኝታችሁ ጠዋት ሌላ መኪና ልትነሡ ትችላላችሁ። የካሊፎርኒያዋ ሴት ቢያንስ የምትከሰው አድራሻ ያለው ኩባንያ፣ በጽሑፍ የሰፈረ ዋስትናና በርካሽ የሚያከራክር ፍርድ ቤት ነበራት። በነጋዴ እጅ ከወደብ የገባች መኪና የገዛ ሰው ማንን ይከሳል?

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቁጥሩ በየትኛው ሙከራ የተገኘ ነው? ሁለተኛ፣ ባትሪው ቢደክም እዚሁ አገር ውስጥ ፈርሞ ኃላፊነት የሚወስደው ማነው? ሦስተኛ፣ ባትሪው ከስንት በመቶ ሲወርድ ነው ዋስትናው የሚሠራው? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በወረቀት ይሁን።

የመጀመሪያዋ ኢንሳይት ሁለት ወንበር ይዛ የተወደደችው ስላላታለለች ነው። ሰው ትንሽ መኪና ይችላል፣ የኋላ ወንበር አለመኖርም ይችላል። ቃሉን ጠዋትና ማታ የሚቀያይርን ግን፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ አይችልም።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ፣ የተነገራችሁንና ያገኛችሁትን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ገዢ ከማስታወቂያ ሁሉ የሚበልጥ ውለታ ነው።