ከቲኬቱ በፊት ቁልፉ

እስቲ ስለ ሰፈራችን ልጅ ላውጋችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ጎቲንገን በምትባል የጀርመን ከተማ የግብርና ማስተርስ ልትማር የሄደች ልጅ መሆኗን ካወቃችሁ ይበቃል።

የመግቢያ ደብዳቤው የደረሳት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። እናቷ ቡና አፈሉ፣ ጎረቤቱ እልል አለ፤ ገብቶ የሚወጣው ሁሉ «በረራው መቼ ነው?» ይል ነበር። ልጅቱ ግን የበረራውን ነገር ትታ በዚያው ማታ ለማደሪያ አመለከተች። ቪዛ የላት፣ ቲኬት የላት፣ ገንዘቡም ገና አልሞላም። «ምን አስቸኮለሽ?» ያላት ብዙ ነው። እኔ ግን ጉዞዋ የተቃናው በዚያች ማታ ነው እላለሁ።

ለምን እንደሆነ ስሙኝ። ጀርመን ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል እንጂ አያሳድርም። የተማሪ ማደሪያዎችን የሚያስተዳድረው ሽቱዲረንደንቬርክ የሚባል ራሱን የቻለ ተቋም ነው። ክፍሎቹ ከግል ኪራይ ስለሚረክሱ ወረፋው ረጅም ነው። ደግሞ የትምህርቱ ዘመን የሚጀምረው በኦክቶበር ስለሆነ የአገሬው ልጅም የውጭው ተማሪም በአንድ ሰሞን ቤት ፍለጋ ይወጣል። በሚያዝያ ያመለከተና ቪዛ እስኪወጣ ጠብቆ በጳጉሜን ያመለከተ እኩል አይሰለፉም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልውሰዳችሁ። ለተማሪ ቪዛ ብሎክድ አካውንት በሚባለው ዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ የሚጠየቀው በዚያን ጊዜ ለአንድ ዓመት 11,208 ዩሮ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ 11,904 ሆነ። ገንዘቡ አንድ ላይ አይለቀቅም፤ ለእሷ በወር 934 ዩሮ ነበር የሚደርሳት። ይህ ቁጥር የተወሰደው የጀርመን መንግሥት ለራሱ አገር ተማሪዎች ድጎማ ካወጣው ስሌት ነው፤ በዚያ ስሌት ውስጥ ለቤት የተያዘው 360 ዩሮ ነበር። ቤቱ ከዚያ ባለፈ ቁጥር የሚቀነሰው ከምግቧ ነው ማለት ነው። ልጅቱ ይህን ሂሳብ በደብተሯ ጀርባ ጽፋ ነበር፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።

የእናቷ እቁብና የአጎቷ እርዳታ ተደማምሮ ገንዘቡ በሰኔ ተላከ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቲኬቱ ገና አልተቆረጠም ነበር። የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ የሚተመነው በዶላር ነውና በብር ሲመታ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። እንግዲህ ያን ሰሞን ከዚያ ቤት «ርካሽ» የሚለው ቃል ከአፍ አልጠፋም።

ርካሹም መጣ። መጀመሪያ የመጣው በስልኳ ነው፤ ግድግዳው የነጣ፣ በረንዳ ያለው፣ ሙሉ ዕቃ የተሟላለት ቤት፣ በ280 ዩሮ። አከራይ ነኝ ያለችው ሴት ለሥራ ሌላ አገር ስለሆንኩ ቤቱን ማሳየት አልችልም፣ የአንድ ወር ኪራይና ማስያዣ ስትልኪ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ አለች። ልጅቱ አድራሻውን በቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኩል ላገኘችው፣ እዚያው ጎቲንገን ዶክትሬቱን ለሚሠራ አንድ ወንድማችን ላከችለት። በሁለተኛው ቀን የድምፅ መልእክት መጣ። «እህቴ፣ በብስክሌት ሄጄ አይቼዋለሁ። በዚያ ቁጥር ያለው የመነጽር መሸጫ ሱቅ ነው። ቁልፍ ሳትጨብጪ አንዲት ሳንቲም እንዳትልኪ።»

እግዚአብሔር ይስጠው። ስንቱ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው አጥቶ የወላጆቹን ገንዘብ አየር ላይ በትኗል። ማስያዣን በተመለከተ የአገሩ ሕግ ግልጽ ነው፤ አከራይ ሊጠይቅ የሚችለው ቢበዛ የሦስት ወር ኪራይ ነው፣ ያውም የማሞቂያና የውሃው ወጪ ሳይታሰብ። ተከራዩም በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው። ይህን ያወቀ ሰው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ሲባል አይደነግጥም፤ ጥሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ርካሽ ደግሞ ይበልጥ የሚያባብል ነበር። በሰው በኩል የተገኘ አንድ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ክፍል በ250 ዩሮ እሰጣለሁ አለ። ክፍሉ አለ፤ ሰውየውም አለ። «ግን በስምሽ አላስመዘግብልሽም» አለ። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተቀበይ ብሎ ነበር። ልጅቱ እምቢ አለች፤ እውነት ነበራት። ጀርመን የገባ ሰው ቤት በያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻውን ማስመዝገብ አለበት፤ ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ ደግሞ አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ይጠየቃል። የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ የሚታየው በዚያ ምዝገባ ላይ ተመሥርቶ ነው። አድራሻ የሌለው ተማሪ ደብዳቤው አይደርሰውም፣ ጉዳዩም አይንቀሳቀስም። የማያስመዘግብ ቤት በ250 ቀርቶ በነጻም ውድ ነው።

ነሐሴ ላይ የማደሪያው መልስ መጣ። ኩሽና በጋራ፣ ክፍሉ ለብቻ፣ ማሞቂያውና ውሃው ከነኢንተርኔቱ ተጠቃሎ 310 ዩሮ። ውሉ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፤ በእኛ መስከረም 21። ቁልፉን የሚሰጡት የሕንፃው ኃላፊ በሥራ ቀን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ ነው የሚገኙት።

ቪዛው በጳጉሜን ወጣ። ቦሌ መንገድ ካለ አንድ ቲኬት ቢሮ ሄደን ተቀመጥን፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ቆራጩ ደግ ልጅ ነው፤ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረና ሁለት ምርጫ አሳየን። አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ ነው፤ ሰኞ መስከረም 20 ሌሊት ተነስቶ ማክሰኞ ንጋት ላይ ፍራንክፈርት የሚገባ፣ 23 ኪሎ የሚይዙ ሁለት ሻንጣዎች ያሉት። ሌላው በባሕረ ሰላጤው በኩል ዞሮ ሐሙስ መስከረም 23 ማታ የሚደርስ፣ አንድ ሻንጣ ብቻ የሚፈቅድ፣ ግን ወደ 80 ዩሮ የሚረክስ። «እህቴ፣ ይሄኛው ይሻልሻል፤ 80 ዩሮ እኮ ዛሬ ብዙ ብር ነው» አላት።

ልጅቱ ደብተሯን አወጣች። መስከረም 23 በእነሱ ኦክቶበር 3 ነው። ኦክቶበር 3 ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 የተዋሐዱበት ብሔራዊ በዓል ነው፤ ቢሮ የለም፣ ሱቅም ዝግ ነው። በማግስቱ ዓርብ ነው፤ የሕንፃው ኃላፊ ያን ዓርብ እንደማይገቡ በኢሜይል ነግረዋታል። ጣቷን እየቆጠረች ጻፈች፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። አራት ሌሊት ሆስቴል፣ አንዱ አልጋ በትንሹ 35 ዩሮ። 140። የሁለተኛው ሻንጣ ክፍያ ሳይጨመር ርካሹ ቲኬት 60 ዩሮ ተወደደ። ቆራጩ ደብተሩን ተቀብሎ አየና ሳቀ፤ «ይህን ለሌሎቹም ልንገራቸው» አለ። ቀጥታው ተቆረጠ። እናቷም መስቀልን ከልጃቸው ጋር ዋሉ።

የሻንጣው ጉዳይ ሌላ ወግ ነው። ቅዳሜ ማታ የእጅ ሚዛኑ ሻንጣው ላይ ተንጠልጥሎ ቤተሰቡ ሁሉ ቁጥሩ ላይ አፈጠጠ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ገባ። እናቷ በጠርሙስ ያዘጋጁትን ንጥር ቅቤና በጨርቅ የተቋጠረውን ቋንጣ ይዘው መጡ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት እንዳያስገባ ይከለክላል፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወርሰዋል። ልጅቱ ይህን ስትነግራቸው እናቷ ጠርሙሱን እንደያዙ ቆም አሉ፤ ከዚያ ሳይናገሩ መልሰው መደርደሪያው ላይ አኖሩት። በቦታው ጋቢ ከተቱ። ጋቢው እጅግ ጠቀመ፤ ማደሪያው አልጋና ፍራሽ እንጂ አንሶላና ብርድ ልብስ አልነበረውም።

በረራው ደህና ነበር። ከፍራንክፈርት ጎቲንገን በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አስቀድሞ የተገዛ ርካሽ የባቡር ቲኬት ለተቆረጠለት ባቡር ብቻ ስለሚሠራ፣ አውሮፕላኑ ቢዘገይ እንኳ እንዳያመልጣት ብላ ከምታርፍበት ጊዜ ሦስት ሰዓት አርቃ ነበር የገዛችው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቁልፏን ጨበጠች። በዚያው ሳምንት ያ ወንድማችን ማዘጋጃ ቤት ወስዶ አስመዘገባት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከጎቲንገን ብዙም የማይርቅ ጎታ የሚባል ከተማ አለ። በ1652፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በጎታው መስፍን በኤርንስት ጥሪ እዚያ ሄደው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተስተናግደዋል። ከእሳቸው የተማረው ጀርመናዊ ምሁር ሂዮብ ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። በዚያ አገር የእኛ ሰው ዕውቀት ፍሬ ያፈራው የሚያሳድረው ቤት ስለተገኘ ጭምር ነው።

ጀርመንም ሆነ ሌላ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከአገር ቤት አንድ ልጅ አድራሻ ሲልክላችሁ ብስክሌታችሁን አንሥታችሁ እዩለት። አንድ ሳምንት ሶፋችሁን ብትሰጡት፣ አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት ብታደርሱት ትልቅ ውለታ ነው። የመግቢያ ደብዳቤ የያዛችሁ ልጆች ደግሞ ለማደሪያ ዛሬውኑ አመልክቱ፤ ማመልከቻው ቪዛም ቲኬትም አይጠይቅም።