ጌሻ፦ ከሚዛን ማዶ ተነሥቶ ፓናማ የደረሰ ስም

ፓናማ ሲቲ ካስኮ ቪዬሆ የሚባል አሮጌ ሠፈር አላት። ስፓኞች የቀድሞዋ ከተማቸው እ.ኤ.አ. በ1671 በባሕር ወንበዴዎች ከተደመሰሰች በኋላ የቆረቆሩት ነው። በአደባባዮቹና በሰገነታም ቤቶቹ መካከል የሚዘዋወር እንግዳ ቡና ቤት ጎራ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ሁሉ ውድ ሆኖ የሚያገኘው «ጌይሻ» የተባለውን ቡና ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ሐሳቡ ወደ ጃፓን ይሄዳል። ስሙ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቦታ ስም ነው።

በዚያ አገር ጌሻ የሚባለው ቦታ አንድ ብቻ አይደለም። ከፋ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ወረዳ አለ። የቡናው ታሪክ በይበልጥ የሚያያዘው ግን በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን፣ ከሚዛን ተፈሪ ማዶ ካለው የጎሪ ጌሻ ደን ጋር ነው። አስተዳደሩ ዛሬ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ተከፍሏል፤ ሚዛንም ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ተብላለች። የአስተዳደር ስሞች ሲቀያየሩ ጌሻ ጌሻ እንደሆነ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከዚያ አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ላከ። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዲት ፊደል ጣልቃ ገብታበት «ጌይሻ» ሆነ፤ አጻጻፉም ከጃፓን አዝማሪ ሴቶች መጠሪያ ጋር ገጠመ። ዘሩ ታንዛኒያ፣ ሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ በ1953 ደግሞ ኮስታሪካ ገባ። በ1960ዎቹ፣ የቡና ቅጠል ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ለፓናማ ገበሬዎች ታደለ።

ገበሬዎቹ አልወደዱትም። ዛፉ ረጅም ነው፣ ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል፣ ፍሬውም ሳሳ ያለ ነው። ቀኑ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ባሩ እሳተ ገሞራ ሥር ባለችው ቦኬቴ፣ አሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የተባለው እርሻ ጌይሻውን ለብቻው ለይቶ ለውድድር አቀረበ። ዳኞቹ የጃስሚን አበባና የቤርጋሞት መዓዛ አገኙበት፤ በጨረታም አንዱ ፓውንድ ከ20 ዶላር በላይ ተሸጠ። ያኔ ይህ ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር።

የፓናማ ሰዎች ለድካማቸው ዋጋ ይገባቸዋል። በከረጢቱ ላይ መንደሩን፣ እርሻውን፣ ከፍታውን ይጽፋሉ፤ ጠጪውም ቦኬቴን አውቆ ሊጎበኛት ይሄዳል። የጌሻ ስም ግን እዚያው ከረጢት ላይ ተጽፎ ሳለ የዛፍ ዓይነት መጠሪያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ያንገበግበኛል። ቤንችና ሸኮ ቡናን የሚያውቁት በፍሬው ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉን ከዝንጅብልና ከቅመም ጋር አፍልተው ጨሞ ብለው ይጠጡታል። ይህን ያህል ከቡና ጋር የኖረ ሕዝብ አገሩ በስሟ ልትታወቅለት ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እዚያው ጎሪ ጌሻ አጠገብ የተተከለ ሰፊ እርሻ ስሙን በትክክለኛ አጻጻፉ ለዓለም ገበያ እያቀረበ ነው። መንገዱ ይኸው ነው። ከሚዛን፣ ከሸኮና ከቴፒ የሚወጣው ቡናም ወረዳው፣ ቀበሌውና ደኑ ተጽፎበት ይውጣ። ማድሪድ ወይም ፓናማ ተቀምጦ ጌይሻ የሚያዝ ኢትዮጵያዊም ለአስተናጋጁ ጌሻ የት እንዳለች ይንገረው።