ዝገት

«ዝገት» «ዛገ» ከሚለው ግስ የወጣ ስም ሲሆን፣ በጥብቅ ትርጉሙ ብረት ወይም አረብ ብረት፣ ማለትም ጥቂት ካርቦን ያለበት ብረት፣ ከአየር ኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረውን ቀላ ያለ ቡናማ ውህድ ያመለክታል፤ በመዳብ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ሽፋን በዚሁ ስም መጥራት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ገላውን አጥብቆ የሚሸፍን ስስ ሽፋን ያበጃል፤ የብረት ዝገት ግን ከተነሣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ ከሥሩ ያለውም ብረት እንደገና ለአየር ይጋለጣል።

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የጭቃ ቤቶች ላይ የሚታየው ጣሪያ ቆርቆሮ ይባል እንጂ ዚንክ የተለበጠ ስስ የአረብ ብረት ሉህ ነው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ ስለሚጠብቀው፣ ሉሁ ጥቂት ቢጫርም ወዲያው አይዝግም። ይሁንና ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ በሚስማሩ ዙሪያና ሉሆቹ በሚደራረቡበት ጠርዝ እርጥበት ስለሚያቁር፣ ዚንኩ ብዙ ጊዜ እዚያ ቀድሞ ያልቃል፤ መሐሉ ገና የሚያብረቀርቅ ጣሪያ በሚስማሩ ቀዳዳ የሚያፈሰውም ለዚህ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ሳይፍቅ ቀለም የሚደርብበት ሰው ትርፉ ድካም ነው።