ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን (1918–1999)

የፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ስም ሁላችሁም ሰምታችኋል። ጉዳያቸው ፍርድ ቤት ሲቀርብ በወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ዳኛስ ታውቃላችሁ?

ፍራንክ ጆንሰን በአሜሪካ አላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1918 ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርማንዲ ላይ ቆስለዋል። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የሞንትጎመሪ ከተማ የፌዴራል ዳኛ አድርገው ሾሟቸው።

ወዲያው የአውቶቡሱ ክስ መጣ። ጉዳዩን ከሰሙት ሦስት ዳኞች ጆንሰንና ሪቻርድ ራይቭስ፣ ጥቁሮችን ከነጮች ለይቶ የሚያስቀምጠው ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ፤ ሦስተኛው አልተስማሙም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኖቬምበር 1956 ፍርዱን አጸናው።

ሰውየው ግን የማንም ወገን ደጋፊ አልነበሩም። ማርች 7 ቀን 1965 ፖሊሶች በሴልማ ሰልፈኞችን ደብድበው ከበተኑ በኋላ ኪንግ እንደገና ሊወጡ ሲሉ፣ ጆንሰን ማስረጃ እስኪሰማ ድረስ ሰልፉን አገዱ። ማንነታቸው ይበልጥ የታየው እዚህ ላይ ይመስለናል። ምስክሮችን ሰምተው በማርች 17 ፈቀዱ፦ የመሰለፍ መብት በበደሉ መጠን ይለካል፣ እዚህ ደግሞ በደሉ እጅግ ከባድ ነው አሉ። መንገዱ በሚጠብበት ስፍራ ግን ከ300 ሰው በላይ እንዳይሄድ ወሰኑ። ሰልፉም 87 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በማርች 25 ሞንትጎመሪ ገባ።

ዋጋም አስከፍሏቸዋል። ዘረኞች በግቢያቸው መስቀል አቃጠሉ። በ1967 በእናታቸው ቤት ቦምብ ፈነዳ፤ እናታቸው ግን ተረፉ። ጆንሰን እስከ 1979 በዚያው ችሎት ቆይተው ወደ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተዛወሩ።