ዝላዩና ተራራው፦ የኦስሎ የበረዶ ፎቶግራፍ ታሪክ

ከሰማይ እየተንጣጣ ለሚወርደው ጠጠርም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለሚረጋው ውሃም፣ የሰሜን አውሮፓን ክረምት ለሚያለብሰው ነጭ ብናኝም አማርኛችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃዋል፤ በረዶ። ስለዚህ የኖርዌይን የበረዶ ሸርተቴ ፎቶግራፍ የሚያይ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ነጭ ባዶነት ነው። ለኦስሎ ሰው ግን ያ ነጭ ገጽ ባዶ አይደለም። ዱካ አለበት፣ ቁልቁለት አለበት፣ ከሁሉም በላይ ታሪክ አለበት።

የዚህ ታሪክ መነሻ ከከተማዋ በላይ የሚገኘው የሆልመንኮለን ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ረጅሙ ዝላይ 21.5 ሜትር ነበር። ያኔ ከተማዋ የምትጠራው ክርስቲያኒያ ተብላ ነው፤ ኦስሎ የሚለው ስም የተመለሰላት በ1925 ነው። ለፎቶግራፍ አንሺ ያ ዝላይ ፈተና ነበር። ዘላዩ በአየር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቅጽበት ሲሆን፣ ዝላዩን ዝላይ የሚያሰኘው ግን መነሻው፣ ማረፊያው፣ ከግራና ከቀኝ የቆመው ሕዝብና ከጀርባ ያለው ተራራ ነው። ቅጽበቱን የሚይዝ ሰው ስፋቱን ያጣል፤ ስፋቱን የሚይዝም ቅጽበቱን።

ይህ ተቃርኖ በመሣሪያዎቹም ውስጥ ይታያል። ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ1882 የአንድን አካል ተከታታይ እንቅስቃሴ በአንድ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ማስፈር ቻለ፤ ትኩረቱ ግን አካሉ እንጂ አገሩ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የመጣው ሰርከት የተባለው ፓኖራማ ካሜራ ደግሞ በእግሩ ላይ እየዞረ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ያነሣ ነበር። ዞሮ እስኪጨርስ ግን ጊዜ ይፈጃል። ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ደግ ነው፤ የሚንቀሳቀሰውን ግን ይለጥጠዋል ወይም ያሳጥረዋል። ከጀርባ ሮጦ ካሜራውን የቀደመ ሰው በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይታይ ነበር።

በዚህ መካከል አንደርስ ቤር ቪልሰ መጣ። በ1865 የተወለደው ቪልሰ ወጣትነቱን በአሜሪካ አሳልፎ፣ በሲያትል ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቶ፣ በ1900 ወደ አገሩ ተመለሰና በዓመቱ በክርስቲያኒያ ስቱዲዮ ከፈተ። ኖርዌይ ከስዊድን በተለየችበት በ1905 አዲሱ ንጉሥ ሀኮን የሁለት ዓመት ልጃቸውን ኡላቭን ታቅፈው በበረዶ መካከል ሲደርሱ ያነሣው እሱ ነው። የሆልመንኮለንን ውድድሮችም አንሥቷል። አዲስ ነጻነት ያገኘ ሕዝብ መልኩን የሚያይበት መስታወት ይፈልጋል፤ ኖርዌይም አንዱን መስታወቷን በበረዶው ላይ አገኘች። ያ በአባቱ ክንድ ላይ የታየው ሕፃን አድጎ አልጋ ወራሽ ሳለ በ1922 እና በ1923 በዚያው በሆልመንኮለን ዘልሏል።

ሸርተቴና ካሜራ በአንድ ሰው እጅ የተገናኙበትም ጊዜ አለ። ኡላቭ ቢዮላን በ1902 የሆልመንኮለንን ጥምር ውድድር ያሸነፈ ሸርተቴኛ ነበር። በታኅሣሥ 1911 ከሩዋል አሙንድሰን ጋር ደቡብ ዋልታ ሲደርስ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ፎቶ ያነሣው በራሱ ቀላል ካሜራ ነው። በዚያ ፎቶ ውስጥ ዝላይ የለም፤ ድንኳን፣ ባንዲራ፣ ባርኔጣቸውን ያወለቁ ሰዎችና ማለቂያ የሌለው ሜዳ ብቻ። የድካሙን መጠን የሚናገረው ግን ያ ሜዳ ነው።

በ1952 የክረምት ኦሊምፒክ ኦስሎ ሲገባ የዝላዩን ውድድር ለማየት ከ100,000 በላይ ሕዝብ ኮረብታውን ሞላው። በኋላ ግን ረጃጅም ሌንሶች እየበረቱ ሲሄዱ ሩቁ ዘላይ ቀረበ፣ ዙሪያው ጠበበ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው አንድ ሰው፣ ሁለት ሸርተቴና ሰማይ ሆነ። ያማረ ምስል ነው፤ ነገር ግን ከፍታን ሊያስረዳ አይችልም። መሬት የማይታይበት ሰው ከአንድ ሜትርም ከሃያ ሜትርም በላይ ሊሆን ይችላል። ቴርየ ሆኮንሰን በ2007 በኦስሎ በስኖውቦርድ 9.8 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ቁጥሩን ለዓይን ግልጽ የሚያደርገው ከሥሩ ያለው የበረዶ ግድግዳ በፎቶው ውስጥ ሲገባ ነው።

የዛሬ አንሺዎች መፍትሔ ያገኙት ወደ ማሬ በመመለስ ነው። በፍጥነት የተነሡ ብዙ ክፈፎች በኮምፒውተር ተሰፍተው ተራራው በሙሉ ስፋቱ ይዘረጋል፤ በዚያው ተራራ ላይ አንዱ ሸርተቴኛ ሲነሣ፣ ሲገለበጥ፣ ሲያርፍ ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ይታያል። ይህ ለኢትዮጵያዊ ዓይን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል የሚተርኩት የአገራችን ሥዕሎች ንግሥቲቱን በአንድ ሸራ ላይ ደጋግመው ያሳያሉ፤ ተመልካቹም ብዙ ንግሥቶች አየሁ አይልም፣ አንድ ጉዞ አየሁ እንጂ።

ክፈፍን ማጥበብ ሰውንም ሊያሳንስ ይችላል። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወከለችው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ ላይ ሲወዳደር ነው። ከዚያ 35 ዓመት ቀደም ብሎ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ በኖርዌይ በረዶ ላይ አሸንፎ ነበር። አበበ ቢቂላ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሸፈኑ በኋላ፣ በሚያዝያ 1971 ለአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ተጋብዞ ሄደ። ተመልካች ሆኖ አልቀረም፤ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ።

በእያንዳንዳችን አእምሮ ያለው አበበ ግን የ1960ው ነው፤ ሌሊት፣ ሮም፣ ባዶ እግር። ይህ የረጅሙ ሌንስ አበበ ነው፤ ከዙሪያው ተቆርጦ በአንድ ቅጽበት የቆመ። ክፈፉ ሲሰፋ ሮም፣ ቶኪዮ፣ የተገለበጠችው መኪናና የኖርዌይ በረዶ በአንድ ሸራ ላይ ይሰለፋሉ፤ አበበም በአራቱም ውስጥ ይታያል። ከፍታው የሚለካው ያን ጊዜ ነው፤ የወደቀበት መሬትም አብሮ ስለሚታይ።