ውሃ ያቆረ አጥር ይሥራ

ባለፈው ክረምት በአንዷ አባላችን ግቢ የሆነውን አብዛኞቻችን እናስታውሳለን። ለልጅ ልደት ተብሎ በአየር የሚነፋ ሰማያዊ የልጆች ገንዳ ተገዛ፤ እስከ ግማሹ ውሃ ተሞላ። ልጆቹ ሲንቦጫረቁ ውለው እንግዳው ሲበተን፣ ውሃውን መድፋት ኃጢአት መሰለን። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። «ለነገ ልብስ ማጠቢያ ይሆናል» ተብሎ ተተወ። በማግስቱ ጠዋት የተከራይዋ የሁለት ዓመት ልጅ ገንዳው ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎረቤት ደርሳ አወጣችውና ተረፈ።

በዚያ ሳምንት ስብሰባችን ላይ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ «እናቱ የት ነበረች?» የሚል ነበር። እናቱ አባላችን ናት። ማዕድ ቤት እንጀራ እየጋገረች ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቁጠባዋን በልጅ እየላከች ከስብሰባ ቀረች። መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ስለሆንን ይህ ሂሳብ አልታረቅልን አለ። ውሃውን ያቆረው ሌላ፣ ዕዳው የተጻፈው በእናትየው ስም። እውነት ድሮም እንዲህ ነበር? ብለን ወደ ኋላ ተመለከትን።

በጣም ወደ ኋላ ስንሄድ የምናገኘው የኦሪትን ሕግ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት እንዲከፍል ታዟል። «የበሬው ባለቤት የት ነበር?» የሚል ጥያቄ እዚያ የለም። ባለዕዳው ጉድጓዱን የከፈተው ነው። እናቶቻችንም ቧንቧ ሳይገባ በፊት የግቢ ጉድጓድ ሲኖራቸው አፉን በእንጨት ወይም በቆርቆሮ ከድነው፣ ከላይ ድንጋይ ጭነው ነበር የሚያድሩት። ማንም በጽሑፍ አላዘዛቸውም፤ ያልተከደነ ጉድጓድ ለባለቤቱ ነውር ነበር።

የኛ አካባቢ ግን ጉድጓዱ እየበዛ፣ ክዳኑ እየቀነሰ መጣ። አቃቂ የባቡር ሐዲድ ያለፈበት፣ ቀጥሎም ፋብሪካ የተተከለበት ሰፈር ነው። ለመንገዱና ለግንባታው ድንጋይና ገረጋንቲ ከየካባው ወጣ። ከዚያ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መጡ፤ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ ዓይናችን እያየ ከእርሻ መሬት ወደ ከተማ ተለወጡ። ለመሠረት የሚቆፈረው ጉድጓድ በክረምት ውሃ ይይዛል። ልጅ ዋና ሊማር ይገባበታል፤ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ክረምት በመጣ ቁጥር ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ የልጆች አስከሬን ያወጣሉ። ኮሚሽኑም ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች እንዲከደኑ ወይም እንዲታጠሩ ደጋግሞ ያሳስባል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2069፣ የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ ለውጦ ሌላውን ከተለመደው ውጭ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ጉዳቱ ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ገንቢው በግንባታ ወቅት የሰውን ደኅንነት የሚጠብቅ ጥንቃቄ እንዲያደርግ አዟል። በአየር የሚነፋ ገንዳ በእነዚህ ውስጥ በስሙ አልተጠራም፤ ሐሳቡ ግን ያው የኦሪቱ ሐሳብ ነው።

ገንዳውን በስሙ ያሰቡበት አገሮች አሉ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ1992 እ.ኤ.አ. የመዋኛ ገንዳ ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ውሃ መያዝ የሚችል ገንዳ፣ የሚነፋውም ጭምር፣ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያለው አጥር ያስፈልገዋል። በሩ ራሱ የሚዘጋና ራሱ የሚቆለፍ መሆን አለበት። ፈረንሳይ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ግን መሬት ውስጥ የተሠሩትን ገንዳዎች ብቻ ነው የያዘው፤ የሚነፋው ከውጭ ቀረ። የሚነፋው ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ግድግዳው ለስላሳ ስለሆነ ሕፃን ሲደገፈው ይተኛለትና ልጁ በጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ውሃ የሚወስደው ልጅ እንደምናስበው አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። እንጀራ የምትጋግር እናት ምን ትሰማለች?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰው በውሃ ሰጥሞ ሞቷል። ከአራቱ አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መፍትሔዎች አንዱ ልጅንና ውሃን የሚለይ አጥር ወይም ክዳን ነው። «እናት ዓይኗን አትንቀል» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ዓይን ይደክማል፣ ዓይን ወደ ምጣዱ ይዞራል። አጥር ግን አይደክምም።

ስለዚህ ባለፈው ወር ስብሰባ ይህን ወስነናል። ገንዳ የነፋ ሰው ልጆቹ በወጡበት ሰዓት ውሃውን ይገለብጣል፤ ማስቀረት የፈለገ ክዳን ባለው በርሜል ወይም ጀሪካን ያስቀምጣል። ውሃ እያለ ስሟ የታወቀ አንዲት ሴት አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ቡና ለማፍላት እንኳ አትነሣም። ጉድጓድ ላላቸው ሦስት አባላት ለክዳን የሚሆን ብድር ከማኅበራዊ ፈንዳችን ያለወለድ ተፈቅዷል። በየመንገዳችን ያሉትን ክፍት ጉድጓዶች መዝግበን ለወረዳው በደብዳቤ እናቀርባለን። አደጋ ሲደርስ 939 የሚደወል መሆኑን ለልጆቻችንም እናስጠናለን።

እናቲቱም ተመልሳለች። ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል። የመጀመሪያውን የክዳን ቆርቆሮ ዋጋ ያጠናችልንም እሷው ናት። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ «እናቱ የት ነበረች?» ከማለታችን በፊት «ክዳኑ የት ነበር?» እንበል።