የነርስነት ዲግሪ በኦንላይን፦ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ከሕመም ጋር አይገናኝም። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ያላችሁ ናችሁ። አረጋውያን መጦሪያ ወይም ሆስፒታል ውስጥ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) ወይም በኤልፒኤንነት ትሠራላችሁ፤ ሙሉ ፈቃድ አግኝታችሁ አር ኤን የሆናችሁም አላችሁ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ሥራዬን ሳልተው የነርስነት ዲግሪ በኦንላይን ብማር ያዋጣል? ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?»

አንድ ቃል መልስ ብሰጣችሁ እዋሻችኋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ይህ ጥያቄ ኢንተርኔት ሳይፈጠር ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ግን አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። እየሠሩ መማር የዘመኑ ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ። በነርስነት ከጅምሩ የነበረው እሱ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ የሠለጠነች ነርስ የምትባለው ሊንዳ ሪቻርድስ በ1873 ከቦስተን አንድ የሴቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ነው የተመረቀችው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ትነሣለች፤ ከበሽተኞቹ ክፍል የምትወጣው ምሽት 3 ሰዓት ነው። መኝታዋ ከበሽተኞቹ ክፍሎች አጠገብ ስለሆነ ሌሊትም ትጠራለች። መማሪያ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተከፈቱት የሆስፒታል ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ተማሪዋ ማለት የሆስፒታሉ ሠራተኛ ማለት ነበረች። ምግብና መኝታ ይሰጣታል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይጨመርላታል፣ ቀኑን ሙሉ አልጋ ታነጥፋለች፣ ታጥባለች፣ ቁስል ትጠርጋለች። ትምህርቱ የሚሰጣት ማታ፣ ዓይኗ እየተከደነ ነው። በ1923 የወጣው የጎልድማርክ ሪፖርት ይህንን በግልጽ ጻፈው፤ የሆስፒታሉ ሥራ የተማሪዋን ትምህርት እየበላው ነበር። ዛሬ ከሌሊት ሽፍት ወጥታችሁ ላፕቶፕ የምትከፍቱ ሰዎች፣ ሴት አያቶቻችሁ በሙያው እነዚህ ናቸው።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሁሉንም አይቀበሉም። የሚፈልጉት ወጣት፣ ያላገባችና ግቢው ውስጥ የምታድር ሴት ነው። ባለ ትዳር፣ ልጅ ያላት፣ ዕድሜዋ ትንሽ ገፋ ያለች፣ በሩ ለእሷ ዝግ ነው። ጥቁር ሴቶች ደግሞ ከጥቂት ቦታዎች በቀር ጨርሶ አይገቡም ነበር።

ይህን ክፍተት አይቶ ነው በ1900 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ጄምስታውን በምትባል ከተማ ሻቶኳ የነርሲንግ ትምህርት ቤት የተከፈተው። የሚያስተምረው በፖስታ ነው። ትምህርቱ ቤቷ ድረስ ይመጣል፣ ታነባለች፣ የጥያቄዎቹን መልስ ጽፋ ትልካለች፣ ታርሞ ይመለስላታል። በየመጽሔቱ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የማስታወቂያው መንፈስ ዛሬ በስልካችሁ ላይ ከሚመጣው ብዙም አይለይም፤ ቤትሽ ሆነሽ ተማሪ፣ ገቢሽን አሻሽይ ነው ነገሩ።

የነርሶች መሪዎች ተቆጡ። ያንኑ ዓመት መታተም በጀመረው የአሜሪካ ነርሶች መጽሔት ላይም የፖስታ ትምህርት ቤቶችን ተቃወሙ። ክርክራቸው ቀላል ነበር። ትኩሳት ምን እንደሆነ አንብቦ ማወቅ ይቻላል፤ ትኩሳት ያለው ሕፃን ቀለሙ ሲለወጥ ቶሎ ማየት ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። እጅ የሚለምደው አልጋ አጠገብ፣ ስትሳሳቱ የሚያርማችሁ ሰው ባለበት ነው።

በእኔ አስተያየት በዋናው ነገር ልክ ነበሩ። ግን ሙሉ በሙሉ ለበሽተኛው አስበው ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ የሙያውን ክብርና የደመወዙን ነገርም ይጠብቁ ነበር። ለእነዚያ በር ለተዘጋባቸው እናቶች ሌላ መንገድ ይዘው አልመጡም።

ነገሩን የለየው ሕግ ነው። በ1903 ሰሜን ካሮላይና የመጀመሪያውን የነርሶች ምዝገባ ሕግ አወጣች፤ በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ቨርጂኒያ ተከተሉ። በኒው ዮርክ ነርስ ተብላ ለመመዝገብ ትምህርት ቤቷ «ሪጀንትስ» በሚባለው የግዛቱ የትምህርት ቦርድ የተመዘገበና ከሆስፒታል ጋር የተያያዘ መሆን ነበረበት። በደብዳቤ ብቻ የተማረች ሴት በዚህ በር አታልፍም። ሪጀንትስ የሚለውን ስም ያዙልኝ፣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

በዚያው ዘመን ሌላ ጸጥ ያለ መንገድም ተከፍቶ ነበር። ከ1899 ጀምሮ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ቀድሞ ነርስ ለሆኑ ሴቶች ተጨማሪ ትምህርት መስጠት ተጀመረ፤ አስተዳደር፣ ማስተማር፣ የመሳሰለው። አደሌድ ናቲንግ በ1907 እዚያው በዓለም የመጀመሪያዋ የነርሲንግ ፕሮፌሰር ሆነች። ልዩነቱን አስተውሉ። ሻቶኳ ነርስ ያልሆነችን ነርስ ላድርግ አለ። ኮሎምቢያ ደግሞ እጇ የሠለጠነን ሴት ተቀብሎ ዕውቀት ጨመረላት። የዛሬው የኦንላይን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ነው ያለው።

ወደ ሪጀንትስ እንመለስ። በ1970 የኒው ዮርክ የትምህርት ኮሚሽነር ኢዋልድ ናይኲስት አዲስ ሐሳብ አቀረበ፤ ዕውቀቱ ካለ የት እንደተገኘ ለምን እንጠይቃለን? ፈትነን ዲግሪ እንስጥ አለ። ከዚያም በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በኬሎግ ፋውንዴሽን እገዛ፣ የነርሲንግ ዲግሪ ያለ መማሪያ ክፍል መስጠት ጀመሩ። ከሰባ ዓመት በፊት የፖስታ ተማሪዎችን በር የዘጋው ያው ቦርድ ነው! ተቋሙ ኋላ ኤክሴልሲየር ተባለ።

ግን እነሱም የእጁን ጉዳይ አልዘለሉትም። ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን በራሱ ያጠናል፤ መጨረሻ ላይ ከዓርብ እስከ እሁድ እውነተኛ ሆስፒታል ገብቶ፣ እውነተኛ በሽተኛ እያስታመመ፣ ፈታኝ ከአጠገቡ ቆሞ ይፈተናል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ኤልፒኤኖች፣ የአምቡላንስ ባለሙያዎችና በውትድርና የሕክምና ሥራ የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ማለትም ሥራውን የሚያውቁ ግን ወረቀቱ የሌላቸው።

ይህም ሁሉንም አላሳመነም። ካሊፎርኒያ ከ2003 መጨረሻ በኋላ በዚህ መንገድ ትምህርት የጀመሩትን አር ኤን አድርጋ አልመዘግብም አለች። ምክንያቷ ፈተና ልምምድን አይተካም፣ ተማሪው ከትምህርቱ ጎን ለጎን በአስተማሪ እየታየ በሽተኛ ማስታመም አለበት የሚል ነው። ይህ ለእናንተ ተረት አይደለም። በአንድ ግዛት የሚያሠራችሁ ዲግሪ ወደ ሌላ ስትዛወሩ ላያሠራችሁ ይችላል፤ ቤተሰብ ተከትሎ ግዛት መቀየር ደግሞ በእኛ ማኅበረሰብ የተለመደ ነው።

በዚያው በ2003 ነገሩን የቀየረ ጥናት ወጣ። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንስልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ230,000 በላይ በሽተኞች መረጃ አዩ። ባችለር ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለበት ሆስፒታል፣ በሽተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ5 በመቶ ያነሰ ነበር። በ2014 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ተመሳሳይ ጥናት ተደርጎ 7 በመቶ ተገኘ። ይህ ግንኙነትን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ዲግሪው በክፍል ይገኝ በኦንላይንም አልለየም። ያም ሆኖ ሆስፒታሎች ሰሙት። በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2020 ከነርሶች 80 በመቶው ባችለር ይኑራቸው አለ። ኒው ዮርክ ደግሞ በ2017 መጨረሻ አዲስ ነርሶች ፈቃድ ካገኙ በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

እንግዲህ ሥራ ላይ ያለውን ይህን ሁሉ ነርስ ከአልጋው አጠገብ አንስቶ ክፍል ማስቀመጥ አይቻልም። ኦንላይን የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። ከአር ኤን ወደ ባችለር የሚያደርሰው ትምህርት በአብዛኛው የጥናት ጽሑፍ መመዘን፣ ስታቲስቲክስ፣ የማኅበረሰብ ጤና፣ አመራር ነው። ይህ ተነብቦና ተጽፎ የሚገኝ ዕውቀት ስለሆነ በርቀት ይሄዳል። የኮሎምቢያው መንገድ ማለት ነው።

ገና ነርስ ላልሆነው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥሩ የሚባሉት ፕሮግራሞች ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን ሰጥተው የተግባር ልምምዱን ሆስፒታል ውስጥ ያደርጋሉ። በ2014 የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ባወጣው ጥናት፣ ጥሩ ሆኖ ከተሠራ የተግባር ሰዓቱን እስከ ግማሽ ድረስ በአሻንጉሊት በሽተኛና በተመሳሳይ ልምምድ መተካት ውጤቱን አልጎዳም። ሌላው ግማሽ ግን እውነተኛ ሰው ይፈልጋል። «ሙሉ በሙሉ ከቤትሽ ሳትወጪ አር ኤን ትሆኛለሽ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ የ1900ውን ሻቶኳ እያያችሁ ነው።

ወደ ሰፈራችን ስንመጣም መስመሩ ያው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2005 ከአምሬፍ ጋር ከ20,000 በላይ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸውን ነርሶች ሥራቸውን ሳይለቁ በኮምፒውተር ማሳደግ ጀመረች። በእኛም አገር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር የራስ ማጥኛ ሞጁሎች አዘጋጅቷል፤ ሞጁሎቹ በጤና ተቋም ከሚሰጥ ተግባር ጋር ተዳምረው የሚሰጡ ናቸው። ሁለቱም የያዙት ቀድሞ በሥራ ላይ ያለን ሰው ነው። (ሞጁሎቹ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ፤ ለማንኛውም የጤና ባለሙያ እመክራለሁ።)

መስመሩ ሲጣስ ምን እንደሚሆን በጥር 2023 ታየ። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስነት ዲፕሎማና የውጤት ማስረጃ ተሸጧል ብሎ ክስ አቀረበ። ከገዙት መካከል ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና አልፈዋል። ይህን ቁጥር ደግማችሁ አንብቡት። በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ መድኃኒት ስትሰጡ እጃችሁ ያውቀዋል ወይ የሚለውን ግን አይነግርም። ብዙዎቹ ፈቃዳቸውን፣ ሥራቸውንና የከፈሉትን ገንዘብ አጡ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የምትሠሩበትን ግዛት የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ክፈቱና ትምህርት ቤቱ መኖሩን እዩ። የሲሲኤንኢ ወይም የኤሲኢኤን እውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ነርስ ካልሆናችሁ ደግሞ «የተግባር ልምምድ ቦታውን የሚያገኝልኝ ማን ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። «ራስሽ ፈልጊ» ካሉ ሥራችሁን እየሠራችሁ ያንን ቦታ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡበት።

አሁን ደግሞ እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝን ልናገር። ሊንዳ ሪቻርድስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቢያንስ ትተኛ ነበር። እናንተ 12 ሰዓት ሠርታችሁ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳችሁ፣ የቤት ሥራ ለመላክ እስከ እኩለ ቀን ትቆያላችሁ። በ2004 በአሜሪካ ነርሶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ 12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ በተሠራበት ሽፍት ስህተት የመፈጸም ዕድል ሦስት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ደግሞ ንቃቱ 0.05 በመቶ አልኮል በደሙ ካለ ሰው ጋር ይመሳሰላል ወይም ይብሳል።

በአንድ ሴሚስተር የምትወስዱትን ኮርስ ቀንሱ፤ አንድ ዓመት ቢረዝም ዲግሪው ያው ነው። ትርፍ ሰዓት የምትሠሩበትን ሳምንትና የፈተና ሳምንት አታጋጥሙ። ሌሊት አድራችሁ ስትወጡ መጀመሪያ ተኙ፣ ከዚያ አጥኑ፤ ያልተኛ አእምሮ ያነበበውን አይዝም። ከአዳር በኋላ መሪ ይዛችሁ ዓይናችሁ ከተከደነ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ሙዚቃ ከፍ ማድረግና መስኮት መክፈት አያነቃም፤ ሃያ ደቂቃ ማሸለብ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዚያ ጠዋት የሚወስዳችሁ ሰው ማዘጋጀት ነው።